ከረጢቱን ሸፍኖ ቱቦውን መተው

ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ከብርሃን መጠበቅ እንዳለበት ብዙዎቻችን እንስማማለን። ልዩነታችን ጥበቃው የት ድረስ ይዝለቅ የሚለው ላይ ነው። በእኔ እምነት ከረጢቱን ሸፍኖ ቱቦውን መተው፣ ሥራው እንደ ተጠናቀቀ የሚያስመስል ግማሽ ሥራ ነው።

በቫይታሚን ቅይጡ ውስጥ ያለው ሪቦፍላቪን ብርሃን ሲያርፍበት ኃይሉን ለአካባቢው ያስተላልፋል፤ ከዚህም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና መሰል ኦክሳይድ አድራጊ ውሁዶች ይፈጠራሉ። ስቡም ለዚሁ ጉዳት ይጋለጣል። ጨቅላው ደግሞ እነዚህን የሚያከሽፍበት የግሉታቲዮን ክምችት አነስተኛ ነው። ሪቦፍላቪን አብዝቶ ከሚመጥጣቸው ብርሃኖች አንዱ ሰማያዊው ነው፤ ለቢጫነት ሕክምና የምናበራው የፎቶቴራፒ መብራትም ሰማያዊ ነው። ሕፃኑን የሚያክመው ብርሃን ምግቡ በሚያልፍበት ቱቦ ላይም ያርፋል ማለት ነው።

አንድ ስሌት እንመልከት። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በቀን 3 ግራም ስብ ከ20 በመቶ ኢሙልሽን ቢታዘዝለት፣ መጠኑ በ24 ሰዓት 15 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 0.6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ቱቦው 2 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ እያንዳንዱ ጠብታ ከሦስት ሰዓት በላይ በውስጡ ይቆያል። ለአዋቂ በደቂቃዎች የሚያልፈው መንገድ ለዚህ ሕፃን ረጅም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቼሴክስና ባልደረቦቹ 800 ያህል ሕፃናት የተካተቱባቸውን አራት ሙከራዎች አጣምረው ባሳተሙት ትንተና፣ ምግባቸው ከብርሃን በተጠበቀላቸው ዘንድ የታየው ሞት ካልተጠበቀላቸው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ሙከራዎቹ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የመሸፈኛው ዋጋ ከሚያስቀረው አደጋ ጋር ሲነጻጸር ተጨማሪ ማስረጃ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መጠበቅን አይደግፍም። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2019 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ከረጢቱም የመስጫ ቱቦውም ሕክምናው እስኪያበቃ እንዲጠበቁ መክሯል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የነርሶች ጥያቄ ነው፤ ቱቦው በፎይል ከተጠቀለለ የአየር አረፋውንና የካልሲየም ፎስፌት ዝቃጩን በምን እናያለን? ተገቢ ስጋት ነው። ቡናማ ቀለም ያለው ቱቦ ሁለቱን ያስታርቃል፤ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ ባያግድም አብዛኛውን ጎጂ ክፍል ይቀንሳል፣ ውስጡንም ያሳያል። ፎይል ብቻ ባለበት ደግሞ ከመጠቅለሉ በፊትና በየፈረቃው ገልጦ መመርመር በሥራ መመሪያው መጻፍ ይኖርበታል።

በአገራችን ይህ ሕክምና ገና በስፋት አልተዳረሰም። አገልግሎቱን አሁን የሚጀምሩ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች ብርሃን ከላካዩን ቱቦና ሲሪንጅ ከፓምፑ ጋር በአንድ የግዥ ዝርዝር ቢያሰፍሩ፣ ኋላ ልማድ ከማስለወጥ ይድናሉ።