ተቀያሪ የሌለው ተጫዋች በሊማሊሞ

እግር ኳስ ተጫዋች 90 ደቂቃ ይሮጣል። ሲደክመው አሰልጣኙ ይቀይረዋል፣ ሲጎዳ ወጌሻ ሮጦ ይገባለታል፣ ጎል ሲያገባ ካታንጋና ሚስማር ተራ ይዘፍኑለታል። ጓዙን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ብቻውን ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጋልብ ሰው ግን ይሄ ሁሉ የለውም። አሰልጣኙም፣ ወጌሻውም፣ ተቀያሪውም ራሱ ነው። ደጋፊው ደግሞ የመንገድ ዳር ሰው ነው፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ ሻይ ቤት ያለችው ሴትዮ። ይህ ሰው ቀኑን የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በአብዛኛው በዚህ ደጋፊ ምክንያት ነው።

ከጎንደር ደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ እየወጣ ይሄዳል፤ ደባርቅ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠዋት ከጎንደር ሲወጣ ዋንጫ ያነሳ ያህል ደስ ብሎት የነበረው ጋላቢ፣ ዳባት ሳይደርስ ራሱን መርገም ይጀምራል። ይርበዋል፣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ነፋሱ ከፊት ይገፋዋል፣ ያን ሁሉ ሻንጣ ለምን እንደጫነ ይጠፋዋል። በቡድን የሚጋልብ የጓደኛው ጀርባ ነፋስ ይከልልለታል። ብቸኛው ነፋሱንም ሐሳቡንም ብቻውን ነው የሚገፋው።

ስሜቱ ደግሞ እንደ ደርቢ ጨዋታ ይገለባበጣል። «በቃኝ፣ መኪና ላይ እጫናለሁ» ባለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ገበሬ «አይዞህ፣ ደርሰሃል» ካለው፣ ገና 15 ኪሎ ሜትር ቢቀረውም እግሩ ይታደሳል። አንድ ብርጭቆ ሻይ የጠፋውን ጨዋታ ይመልሳል።

ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ጠመዝማዛ፣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ወራጁ ፍሬን የያዘ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ይመጡበታል። ከታች የሚመጣው ያንኑ መንገድ እያለከለከ፣ አንዳንዴም ወርዶ እየገፋ ይወጣዋል። ደባርቅ ሲገባ የሚሰማው ነገር በባከነ ሰዓት የተቆጠረ ጎል ነው።

ብቸኛ መንገደኛ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አይርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገሯ እስከ ሕንድ ብቻዋን በብስክሌት የሄደች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌቷን ትታ፣ ከምጽዋ ተነስታ፣ ጆክ ከሚባል በቅሎ ጋር በሰሜን ተራሮች በኩል አልፋ አዲስ አበባ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ማርክ ቦሞንት ከካይሮ ኬፕታውን በ42 ቀን ገደማ ሲጋልብ ኢትዮጵያን አቋርጧል።

ይሁንና ኢትዮጵያን በብስክሌት ያለፉ የውጭ ሰዎች ሲያወሩ ሁለት ነገር ይደጋግማሉ፤ ተራራውንና ድንጋዩን። «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚከተሉ ልጆች፣ ከኋላ የምትወረወር ጠጠር። ሁሉም ልጅ እንዲህ አያደርግም። የሚያደርገውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ከብት በድንጋይ ሲመልስ የዋለ እረኛ ነው፣ ብስክሌቱ ለእሱ የቀኑ ትልቁ ትርኢት ነው። ከመኪና ላይ ከረሜላና እስክሪብቶ የበተኑ ቱሪስቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህ ምክንያት ነው፣ ሰበብ ግን ሊሆን አይገባም። ስታዲየም ውስጥ የውሃ ፕላስቲክ የሚወረውር ደጋፊ ክለቡን ያስቀጣል። መንገድ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ የሚያስቀጣው ሰፈሩን ነው። በመኪና የሚመጣው ጎብኚ ዳባትን በመስኮት አይቶ ያልፋል። ብስክሌተኛው ግን በየከተማው ሽሮ ይበላል፣ ጎሚስታ ጋ ይቆማል፣ አልጋ ይይዛል።

እርግጥ ነው፣ በዚህ ምድር ከጠጠር የከፋ ብዙ ነገር ወርዷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ዘልቆ ብዙ ሰው አልቋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። በዚህ መሀል ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ግን ሰላም በምን ይለካል? አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እያዘገመ የሚያልፍበት መንገድ ሰላም ያለው መንገድ ነው። ከዚህ የተሻለ ሜትር አይገኝም።

ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ ተከዜን ተሻግሮ የሚያደርሰው ወደ ጽጋቡ አገር ወደ ትግራይ ነው። አንድ የመቀሌ ወጣት ብስክሌቱን ጭኖ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ቡና ቢጠጣ፣ የጎንደሩም አክሱም ደርሶ ቢመለስ፣ ይህ ከብዙ የወዳጅነት ጨዋታ ይበልጣል።

ለዚያ ቀን ዝግጅቱ ከአሁኑ ይጀመር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባሉ ትምህርት ቤቶች መምህራኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡት፤ ወላጅም እቤቱ ይምከር። ስታዲየም አይጠይቅም፣ በጀትም አይጠይቅም። ልጁ ያነሳትን ጠጠር ጥሎ «አይዞህ» ማለት ከለመደ፣ ተቀያሪ የሌለው ያ ተጫዋች ቢያንስ ደጋፊ አገኘ ማለት ነው።