ዳታ ሲቋረጥ

የሕግ ባለሙያው

ሕጉ አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚያሰራጨውን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት የሚያሰራጭ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ታዟል።

ሕጉ እያለ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2014 የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በከሰሰበት አቤቱታ እንደሚለው ስማቸውና ፎቷቸው አስቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ለኩባንያው ቢያመለክትም ምላሽ ያገኘው ከግድያው በኋላ ነው። ክሱ የተመሠረተው ናይሮቢ ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በ2017 ነው። ኢትዮጵያዊ ለኢትዮጵያዊ ደም ኬንያ ደጅ ሲጠና እኔ እንደ ባለሙያ አፍራለሁ። ይህ ክፍተት እስኪሞላ የሞባይል ዳታን ለጥቂት ቀን መዝጋት መራራ መድኃኒት ነው።

የቡሬዋ መምህርት

ጥቂት ቀን! እኛ ዘንድ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የተዘጋው ለወራት ነው። አክስቴ በርበሬ ይዛ ቡሬ ገበያ ወረደች። ደላላው «አዲስ አበባ ዋጋው ወርዷል» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጇ ቴሌግራም ከፍቶ «እማዬ፣ ይዋሻል» ይላት ነበር። ደላላው ባለው ዋጋ አራግፋ ተመለሰች። ፌስቡክ ምን እንደሆነም አታውቅ።

ነሐሴ 7 የፍኖተ ሰላም ከተማ የተደበደበች ዕለት ቢያንስ 26 ሰው ሞተ ተባለ። ማን ማን እንደሆነ ግን የሚነግረን የለም። ወሬው በእግሩ መጣ። ማታ ሞተ የተባለው ጠዋት በሕይወት አለ ይባላል፤ በቁሙ የተለቀሰለትም ነበር። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ዜናውን ከእኛ ቀድሞ ሰማ። ሐሰትን ለማቆም ነው ይሉኛል፤ እኔ ያን ሳምንት የሰማሁትን ያህል ሐሰት ፌስቡክ ላይ አንብቤ አላውቅም።

የሕግ ባለሙያው

ሰው ደጃፉ ላይ ስለመገደሉ ስናገር በርበሬ ይዘውብኝ መጡ። አክስትዎ ከስረዋል፣ ያሳዝናል፤ ገንዘብ ግን ይተካል።

መምህርቷ

አይናቁት፤ ለልጇ ደብተርና ጫማ የሚገዛው እሱ ነው። ደግሞም እንዲተካላት ማንን ትክሰስ? ኬንያ ሂጂ ልበላት?

ዳታ የተለቀቀ ዕለት ስልኬ ለረጅም ሰዓት ሲጮኽ ዋለ። ከወንድሜ የመጣው መልእክት ሁሉ የነሐሴ ነበር፦ «ደህና ናችሁ? መልሱልኝ እንጂ።»