ከገላባት ማዶ የሚመጣ ምስክርነት

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ወንዟን የተሻገረ መንገደኛ በጥቂት ደቂቃ የሱዳኗ ገላባት ይገባል፤ ይሁን እንጂ ሰሊጡና ከብቱ፣ ቡናውና ልብሱ ሲመላለስበት በኖረው በዚህ ድንበር ስለ ጎረቤታችን የሚነገረው ወሬ እንደ ሸቀጡ ተፈትሾ አያልፍም። በቆላው ከሚነገሩት አንዱ፣ በሙስሊም አገር ሴት ልጅ ከጓዳ አልፋ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት አትደርስም፣ ብትደርስም ከፍርድ ወንበር አትቀመጥም የሚለው ነው። ይህን ፍርድ የሰጡ ሰዎች ከሱዳን ያዩት ገበያውን ብቻ ይመስለኛል።

ኦምዱርማን በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረቻት ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም፣ በ1952 (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና፣ ከዚያም የሴቶችን ድምፅ የሚያሰማ መጽሔት አዘጋጅታ፣ የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የሱዳን የጥቅምት አብዮት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ባስገኘ ማግሥት፣ በ1965 (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ሴት መጎናጸፊያ የሆነውን ቶቧን እንደ ለበሰች የአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ለመሆን በቃች። በእኛ አገር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከምክር ቤት የገቡት በ1957 (እ.ኤ.አ.) ነበርና፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች በዚህ ነገር እምብዛም አልተራራቁም። ፋጢማ ከሁሉ አብልጣ የታገለችው ግን የመንግሥት ሠራተኛዋን እንጀራ ለሚነካ ጉዳይ ነበር፤ በዚያ ዘመን በሱዳን አንዲት ሴት ሠራተኛ ስታገባ ከቋሚ ሥራዋ ተሰናብታ፣ «ሙሻሀራ» በሚባለው ደንብ ከወር እስከ ወር በሚታደስ ጊዜያዊ ውል እንድትቀጠር ትገደድ ነበርና፣ ጋብቻ የተባለው ክቡር ነገር ለወንድ በረከት፣ ለሴት ግን የመሻሪያ ደብዳቤ ሆኖባት ነበር። ይህ ደንብ እንዲሻርና እኩል ለሠሩ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ማኅበሩ ያደረገው ተጋድሎ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ፍሬ አፈራ። ፋጢማም ስትሟገት፣ ሃይማኖቴ ከዚህ አይከለክለኝም ብላ ከእስልምና ውስጥ ሆና እንጂ ከውጭ ቆማ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን መራራ ነው፤ ወታደራዊው ገዢ ኒሜሪ በ1971 (እ.ኤ.አ.) የፋጢማን ባል አስገደለ፣ በኋላ የመጡትም ገዢዎች በሴቶች አለባበስና አካሄድ ላይ ጅራፍ የሚያዝ ሕግ አወጡ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ ኦማር አልበሽርን ካወረደ በኋላ ግን አስማ ሞሐመድ አብደላ የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ንዕማት አብደላ ኸይር የመጀመሪያዋ ሴት የዳኞች አለቃ ሆኑ፤ በሉዓላዊ ምክር ቤቱም ውስጥ ከሙስሊሟ ከአይሻ ሙሳ ጎን ክርስቲያኗ ራጃእ ኒኮላ ተቀመጠች። ያን ሥርዓት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያፈረሰው መፈንቅለ መንግሥት ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትም ጽሕፈት ቤቱን ከነሠራተኛው በተነ። ስለዚህ ለሴቶቹ ወንበር የሰጠውን ሥርዓት ያፈረሰው ጠመንጃ ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ፤ ቁርኣኑን የሚከሱ ክሳቸውን ያንሡ።

ቋራን ለምታህል የቆላ አገር ደግሞ የሴት ሹመት እንግዳ ሊሆንባት አይገባም፤ እቴጌ ምንትዋብ የተገኙት ከዚያ ነውና። ባላቸው ዐፄ በካፋ ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፣ ዘውድ ጭነው የጎንደርን መንግሥት አስተዳደሩ። በዘመናችንም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የሰላም ሚኒስትርነቱን ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል፣ የመከላከያውን ወይዘሮ አይሻ መሐመድ ያዙ፤ ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ከዚህ በኋላ ለልጆቻችን ማውረስ አሳፋሪ ነው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ በኩል ተሻግረው በኩመርና በአውላላ መጠለያ ሰፍረው ከነበሩት መካከል ትናንት ከሰሌዳ ፊት የቆሙ፣ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ያደሩ፣ የመንግሥት መዝገብ የያዙ እናቶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ስደተኛ በሕግ አግባብ እንዲሠራ በር ከፍቷል። የምዕራብ ጎንደር ዞን ሹማምንት ሆይ፣ ስደተኛዋን ስንት ልጅ አለሽ ብላችሁ በጠየቃችሁበት ቃል፣ ሥራሽ ምን ነበር ብላችሁም ጠይቋት፤ መልሷንም በመዝገብ ጽፋችሁ፣ መምህር ላጣው ክፍልና አዋላጅ ላጣው ጤና ጣቢያ አሰማሯት።