ደሙ ይጓዝ እንጂ ሕመምተኛው ለምን ይጓዛል?

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ግን ብዙ ጊዜ ይህንን ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ለእርግዝና ክትትል ሲመረመር ነው።

በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። «አለብዎት» ከተባሉ ሁለት ሰዎች የአንዱ ደም ጥቂት፣ የሌላው ሚሊዮኖች ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 ሺህ ዓለም አቀፍ ዩኒት በልጦ ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይምም ከፍ ካለ መድኃኒት ይጀመራል። ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ከክትትል አያስወጣም።

ችግሩ ርቀቱ ነው። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከኦሞራቴ ወይም ከቱርሚ ለሚመጣ አርብቶ አደርማ ጂንካ መድረሱም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አዲስ አበባ ሄደህ አስለካና ተመለስ» ማለት ሕክምናውን ከመከልከል ብዙም አይለይም።

ለኤችአይቪ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፤ የሚጓዘው የደም ናሙናው ነው። ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት መሣሪያም የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን የሚለካ የራሱ ካርትሪጅ አለው። ይህንን ለደቡብ ኦሞ ማዳረስ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና በሽታው በአገራችን አቅም ሊታከም እንደሚችል አሳይቷል። ለጂንካ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ግን ቁጥሩ አልተገኘም ተብሎ እጅ ታጥፎ መቀመጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2016 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ፣ ቫይረሱን መለካት በማይቻልበት ቦታ ኤኤልቲ በተደጋጋሚ ከፍ ብሎ ከተገኘ ብቻውን ሕክምና ለመጀመር በቂ ነው። የጉበት ጠባሳ መኖሩም ከኤኤስቲ እና ከፕላትሌት ቁጥር ተሰልቶ ይገመታል። ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡርም መጠኑ ባይለካ እንኳ ወደ ልጇ እንዳይተላለፍ ቴኖፎቪር ልትወስድ ትችላለች። ስለዚህ «አለብዎት» የተባለ ሰው ሐኪሙን እነዚህን ምርመራዎች ይጠይቅ። መድኃኒት የጀመረ ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል።