ሻጩ «ኮር አይ7 ነው» ሲላችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትጠይቁ ሻጩ ቶሎ የሚላችሁ «ኮር አይ7 ነው፣ አሪፍ ዕቃ ነው» ነው። ስንተኛ ጀነሬሽን ስንለው ግን ስቲከሩን ማየት ይጀምራል።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን 4ኛ ጀነሬሽን አይ7 ዊንዶውስ 11 በይፋ አይደግፈውም፤ 8ኛ ጀነሬሽን አይ5ን ይደግፋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። «11 ተጭኖበታል» ቢሏችሁም በአቋራጭ የተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ለደህንነት ማሻሻያ ዋስትና የለውም።

ልጆቹ ላይ ብቻ አንፈርድም። ባለሱቁ የሚጠይቃቸው ስንት ሸጣችሁ ብሎ እንጂ ምን ታውቃላችሁ ብሎ አይደለም። ገንዘቡ ግን የናንተ ነው፤ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ቁጥር አስከፍታችሁ እዩ። አይ7-4600 ካለ 4ኛ ነው፣ አይ5-8250 ካለ 8ኛ።