ውሻ በበላበት ይጮኻል

ማታ ማታ ሪሞት ይዤ ቻናል ሳገላብጥ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ሁሉ ጣቢያ በምን ይኖራል? ገቢው በብር፣ የሳተላይት ኪራዩ በዶላር! በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከአየር ሲያወርድ የብዙዎቹ ጉሮሮ ደረቀ። በ2012 ኢትዮሳት መጣና ጣቢያዎቹን በአንድ ሰማይ ሰበሰባቸው፤ የሚሻሙት ገበያ ግን ያው ጠባቡ ነው። ታዲያ ፉክክሩ ለተመልካች ይመስላችኋል? የለም፣ ለስፖንሰር ነው! ስፖንሰር ደግሞ መንግሥት ያኮረፈውን ጣቢያ ይሸሻል። ጋዜጠኛን ዝም ለማሰኘት ሁልጊዜ ወህኒ አያስፈልግም፤ የኪራይ ዕዳ ይበቃል። ኢሳት በ2002 ሲጀመር በስደት ያለው ወገን ከኪሱ አዋጥቶ ነው ያቆመው። እኛስ? አምስት ሳንቲም ሳናወጣ «ለምን አይናገሩም?» እንላለን። ወገኖቼ፣ ያላበላነው ለእኛ አይጮኽም!