ትክል ድንጋይና ኮክቴል በዲላ

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የጌዴኦን ከተማ ዲላን ወደ ሞያሌ የሚሄድ መንገደኛ ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ከተማ አድርጎ ማየት አይበቃም። እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ነጋዴ ቤት ይከፍታል። ታሪክን መለያው ያደረገ መጠጥ ቤት በዓለም ትልልቅ ከተሞች የተለመደ ንግድ ነው። ግድግዳው የጥንት ዘመን ያስመስላል፣ ኮክቴሉ የንጉሥ ወይም የጦር ሜዳ ስም ይወጣለታል፣ ከጎኑም ሱሺ ይቀርባል። አዲስ አበባም ዮድ አቢሲኒያንና 2000 ሐበሻን የመሳሰሉ መሶብና ጭፈራን ያጣመሩ የባህል ምግብ ቤቶች አሏት። እንዲህ ያለ ቤት ነገ ዲላ ላይ ቢከፈት ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ወጣቱ ሥራ ያገኛል፣ ከተማዋም ትደምቃለች። የሚያሳስበኝ ታሪኩ የት ላይ እንደሚቀመጥ ነው። በጌዴኦ ስም የሚነግድ ቤት የጌዴኦን ታሪክ በሳህንና በስኒ ማቅረብ አለበት ብዬ አምናለሁ። የትክል ድንጋይ ቅጂ ከባንኮኒው ጀርባ አቁሞ ከፊቱ የትም የሚገኝ ምግብና መጠጥ የሚሸጥ ከሆነ ከአገሩ የወሰደው ስሙን ብቻ ነው።

ድንጋዮቹ ምን እንደሆኑ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በጌዴኦ ቱቱ ፈላ በተባለው ሥፍራ ከቆሙት አንዳንዶቹ የወንድ ብልት ቅርጽ አላቸው፤ ሌሎቹ ላይ ፊትና እጅ ተቀርጾባቸዋል። በሥፍራው ለዓመታት የቆፈረው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም፣ መጀመሪያ በብልት ቅርጽ የተጠረቡ ድንጋዮች ኋላ ላይ እንደገና ተቀርጸው የሰው መልክ እንደያዙ አስረድቷል። ከሥራቸው ያለው መቃብር ነው። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የድንጋዮቹን ዕድሜ ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ከፍ አድርጎታል፤ ቀድሞ ይገመት ከነበረው በሺህ ዓመት ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ዩኔስኮ ራሱ ሲመዘግባቸው የጌዴኦ ሰዎች እንደሚያከብሯቸው፣ ሽማግሌዎችም እንደሚጠብቋቸው ጽፏል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የመቃብር ሐውልት አስመስሎ ሠርቶ የውስኪ መደርደሪያ ላይ የሚያቆም ሰው ቢገኝ አገር ይቆጣል። የቱቱ ፈላም ድንጋይ ከዚህ ያነሰ ክብር የሚሰጠው ምክንያት አይታየኝም።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚወስድ ከሌላ አገር መማር ይቻላል። አሜሪካ የአልኮል እገዳን ባነሳችበት በ1933 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሆሊውድ ዶን ዘ ቢችኮምበር የተባለ መጠጥ ቤት ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ኦክላንድ ላይ ትሬደር ቪክስ ተከተለ። ቲኪ የተባለው የመጠጥ ቤት ዓይነት ከእነዚህ ጀመረ። ቤቶቹ በፖሊኔዥያ ደሴቶች የአማልክትና የአያቶች ቅርጻ ቅርጽ አምሳያ ያጌጡ ነበሩ። የሚቀዳው ግን የካሪቢያን ሩም፣ የሚበላውም በአብዛኛው በካንቶን ቻይናውያን አሠራር የተዘጋጀ ምግብ ነበር። ኮክቴሎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ማይ ታይ እስከ ዛሬ ይጠጣል። የደሴቶቹ ሰዎች ግን ከአማልክቶቻቸው ምስል በቀር በቤቱ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም፤ ዛሬ የሚቀርበው ወቀሳም ከዚሁ የመነጨ ነው። ዲላ ይህን ስሕተት ከመጀመሪያው ልታስቀረው ትችላለች።

ገበታው ላይ የሚቀርበው ነገር ሞልቷል። የጌዴኦ ማሳ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይዞ በደረጃ የቆመ ነው፤ የተመዘገበው ቅርስ አንዱ ክፍልም ይኸው ነው። እንሰቱ ለዓመታት አድጎ ሲደርስ ሴቶች ይነቅሉታል፣ ግንዱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ አሚቾውን ይከትፉታል፤ የተፋቀውና የተከተፈው ተደባልቆ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ይቀበርና ለሳምንታት፣ ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከሚወርደው ውሃ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል። ይህ የሴቶች ሙያ ከማንኛውም ግድግዳ ጌጥ በላይ ታሪክ ይዟል። ሱሺን ለሚወድ እንግዳም እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ሱሺ ራሱ ሲጀምር ዓሣን በሩዝ ውስጥ አብላልቶ የማቆያ ዘዴ ነበር። በጃፓን ቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ይህ ጥንታዊ አሠራር አሁንም አለ። ሩዙ በኮምጣጤ ብቻ ኮምጥጦ፣ በእጅ ተጠቅጥቆ፣ ዓሣው ላዩ ላይ ተደርጎ ወዲያው የሚበላው ዓይነት በኢዶ ከተማ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ የተስፋፋ ሲሆን፣ ሃናያ ዮሄይ የተባለ ባለሙያ እንደ ፈጣሪው ይጠቀሳል። ለቆጮ ግን እንዲህ ያለ ትኩረት የሰጠው የከተማ ምግብ ቤት ብዙ የለም፤ ከክትፎ ጎን ከማስቀመጥ አልፎ የተብላላበትን ጊዜና የተመረተበትን ቀበሌ ለእንግዳው የሚነግር ቤት ያስፈልገናል።

የንግድ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ እንግዳ የሚጠይቀው የሚያውቀውን ነው፣ ያልለመደውን ቢያቀርቡለት ተነሥቶ ይሄዳል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥብስና ፒዛ ፈልጎ ዲላ ድረስ የሚመጣ የለም፤ ሐዋሳ ላይ ያገኘዋል። እዚህ የሚያስቆመው ሌላ ቦታ የማያገኘው ነው። የለመደውንም ከጎን ማቅረብ አይከለከልም። ሌላው ተቃውሞ፣ ባህል በረዶ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም፣ ሱሺም ቢሆን ለምን አይገባም የሚል ነው። ይግባ! አቮካዶ በሱሺ ውስጥ የገባው በሰሜን አሜሪካ ባለሙያዎች እጅ ነው፤ አቮካዶ ደግሞ ጌዴኦ ውስጥ ይበቅላል። የሐይቅ ዓሣን ጥሬውን ማቅረብ ጥገኛ ተሕዋስያን ስለሚያስተላልፍ ለጤና አያስተማምንም፤ በአቮካዶና በበሰለ ዓሣ የሚጠቀለለው ግን ችግር የለበትም። አንድ ጎበዝ ወጥ ቤት ቡላን ጨምሮበት አዲስ ነገር ቢፈጥር የሚያስመሰግነው ነው። የመጠጡ ነገር ጠንከር ይላል። በጌዴኦ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፤ ብዙው ምእመን አልኮል አይጠጣም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በገዛ ታሪኩ ስም ከተከፈተ ቤት ደጅ እንዳይመለስ፣ ብርዝና ቡና ከኮክቴሉ እኩል ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

ቡናው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የስም ዋጋ የታየው በእሱ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ውስጥ ገብታ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በስምምነት ቋጨችው። ዛሬ ውጭ አገር በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ይርጋጨፌ ብቻ አይጻፍም፤ አሪቻ፣ ኮንጋ፣ ኢዲዶ የሚሉ የጌዴኦ የቀበሌና የአካባቢ ስሞች ይነበባሉ። ባሕር ማዶ ያለ ጠጪ ቡናው ከየትኛው ተዳፋት እንደተለቀመ እያወቀ ይጠጣል። ዲላ ላይ ታሪክን መለያው አድርጎ የሚከፈት ቤት ቢያንስ ይህን ያህል ማድረግ ይችላል፤ የምግብና የመጠጥ ዝርዝሩ ላይ ቡናው የየት ቀበሌ እንደሆነ፣ ታጥቦ ይሁን በደረቁ የተዘጋጀ፣ ለገበሬው ወይም ለማኅበሩ በኪሎ ስንት እንደተከፈለ ይጻፍ። የድንጋዮቹም ፎቶግራፍ ይሰቀል ከተባለ፣ የሥፍራው ስምና ከሥሩ መቃብር መኖሩ ከግርጌው ተጽፎ፣ ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከመጠጡ መደርደሪያ ራቅ ብሎ ይሰቀል።